ቸርኬው 18 ሆነ፤ ጎማውስ ስንት ይሁን?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከሚኖር አንባቢ የደረሰኝ ጥያቄ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰላም ጋሼ። የ2013 ሳይዮን ኤፍአር-ኤስ አለችኝ፣ ማንዋል። ከአንድ የሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ባለቤት ባለ 18 ቸርኬ ከነጎማው ገዛሁ። ቸርኬው ላይ 18×8.5 እና ፕላስ 38 የሚል ተጽፏል። ጎማው 245/40አር18 ነው። የቡሎኖቹ ቀዳዳ ልክ ገባ። ግን መሪውን ሙሉ ስጠመዝዝ የፊቱ ጎማ የውስጡን ፕላስቲክ ይታከካል። ጉብታ ላይ ደግሞ የኋላው ፓራፋንጎውን ይነካል። መኪናዋም የደከመች መሰለኝ። ጎሚስታው ‹ፓራፋንጎውን እንጠፈው› አለኝ። ጓደኛዬ ‹215/35 አስገባና ተገላገል› ይለኛል። ማንን ልስማ?»

ሁለቱንም አትስማ፣ ወንድሜ። ቸርኬው ደህና ነው። ያልሆነው ጎማው ነው። 245ቱን አስወልቅና 225/40አር18 አስገባ። መልሱ ይኸው ነው። ምክንያቱን ግን ልንገርህ፤ ነገ ሌላ ቸርኬ ሲያምርህ ራስህ አስልተህ ትገዛለህ።

የሹፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። 215/45አር17 ይላል። 215 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት መቶኛ እንደሆነ ነው። አር ራዲያል ማለት ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። ሚሊሜትር፣ መቶኛና ኢንች አንድ ላይ ስለተደባለቁ ነው ሰው የሚወናበደው። 45 ሲያይ 45 ሚሊሜትር የሚመስለው ብዙ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 215ን በ0.45 አባዛ፤ 96.75 ይመጣል። ጎማው ከላይም ከታችም ጎን ስላለው እጥፍ አድርገው፤ 193.5። 17 ኢንች 431.8 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱን ስትደምር 625 ሚሊሜትር ገደማ ታገኛለህ። መኪናህ የተሠራችው በዚህ ቁመት ነው። ፍጥነት ቆጣሪው፣ ማርሹ፣ ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ በፓራፋንጎው ስር ያለው ክፍተት ሁሉ የተለካው በዚህ ነው።

አሁን ያለህን 245/40አር18 በዚሁ መንገድ አስላው። 653 ይመጣል። ከመጀመሪያው በ28 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ 4.5 በመቶ ማለት ነው። እኔ ስሠራ ከ2 በመቶ ባያልፍ እመርጣለሁ። 3 በመቶ የመጨረሻው ድንበሬ ነው። ያንተ ድንበሩን አልፏል።

የደከመች የመሰለህም ከዚሁ የተነሳ ነው። የመኪናህ የመጨረሻ ማርሽ (ጉልበቱን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዲፈረንሻል) ጥምርታ 4.10 ነው። ጎማው 4.5 በመቶ ሲረዝም ጥምርታው ወደ 3.92 የወረደ ያህል ነው። ጎማው አንድ ዙር ሲሽከረከር መኪናዋ ከድሮው ረዘም ያለ መንገድ እንድትሄድ ትገደዳለች። ሞተሩ ግን ያው ባለ 2 ሊትር፣ ባለ 200 ፈረስ ጉልበት ነው። ትልቅ ሞተር ቢሆን ላይታወቅህ ይችል ነበር። ይቺ ልጅ ግን ሞተሯን አሩጠህ ነው ጉልበት የምታገኝባት፤ ስለዚህ ወዲያው ይታወቃል። በዚያ ላይ ቆጣሪው ይዋሽሃል። 60 ማይል ሲያሳይህ ከበፊቱ አነጻጽረህ ወደ 63 እየሄድክ ነው። ትኬቱ በስምህ እንጂ በጎማው ስም አይጻፍም።

አሁን ወደ መታከኩ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ ተከተለኝ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው።

ኦፍሴት የሚባለው ቁጥር፣ ያንተ ፕላስ 38፣ ቸርኬው ሞዞው (የሚታሰርበት እምብርት) ላይ የሚቀመጥበት ፊት ከቸርኬው መሃል ስንት ሚሊሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ይነግርሃል። የፕላስ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቸርኬው ወደ ውጭ ብቅ ይላል። የፋብሪካው ቸርኬህ 7 ኢንች ስፋት፣ ፕላስ 48 ነበር። አዲሱ 8.5 ኢንች፣ ፕላስ 38 ነው። የስፋት ልዩነቱ አንድ ኢንች ተኩል፣ 38 ሚሊሜትር ነው። ለሁለት ክፈለው፤ በእያንዳንዱ በኩል 19 ሚሊሜትር ጨምሯል። ኦፍሴቱ ደግሞ በ10 ቀንሷል፤ ስለዚህ ሙሉው ቸርኬ 10 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ተገፍቷል። ወደ ውጭ 19 ሲደመር 10፣ 29 ሚሊሜትር ወጥቷል። ወደ ውስጥ 19 ሲቀነስ 10፣ 9 ሚሊሜትር ብቻ ገብቷል።

አየኸው? ውስጥ ብዙም አልተጨናነቀም። የወጣው ወደ ውጭ ነው። ወደ ውጭ በወጣው ላይ ደግሞ ከድሮው በ14 ሚሊሜትር ከፍ ያለና ሰፋ ያለ ጎማ ጫንክበት። መሪው ሲጠመዘዝ ያ የጎማ ትከሻ ፕላስቲኩን ባይነካ ነበር የሚገርመኝ።

225/40አር18ን ስናሰላው 637 ሚሊሜትር ይመጣል። ከፋብሪካው የሚበልጠው በ12 ሚሊሜትር፣ 1.9 በመቶ ነው። ከመሃሉ ሲለካ ከፍታው 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው የጨመረው። የጎማው ሆድም አሁን ካለህ በእያንዳንዱ ጎን 6 ሚሊሜትር ያህል ይሰበሰባል። 6 ሚሊሜትር ስትሰማው ትንሽ ነው። ፓራፋንጎ ስር ግን የመንካትና ያለመንካት ልዩነት ነው። ጎማ አምራቾች ለዚህ ቁጥር የሚፈቅዱት የቸርኬ ስፋት ከ7.5 እስከ 9 ኢንች ነው። ያንተ 8.5 በምቾት መሃል ይገባል።

ስለ ጓደኛህ ምክር። 215/35አር18 ቸርኬው ላይ ይወጣል፤ አልክድም። የሚፈቀድለት እስከ 8.5 ኢንች ስለሆነ ድንበሩ ላይ ነው። ጎኑ ተለጥጦ ይቀመጣል። ይህን መልክ የሚወዱ ወጣቶች አሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ጎኑ ላይ የተጻፈው የክብደት ቁጥር ነው። በሩ ላይ ባለው ወረቀት ከጎማው ልክ ቀጥሎ 87 የሚል አለ። 87 ማለት አንዱ ጎማ 545 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 215/35አር18 የሚመጣው በ84 ነው፤ 500 ኪሎ። በአንድ ጎማ 45 ኪሎ አጣህ። ጎኑ አጭር፣ የተለጠጠ፣ አቅሙ ያነሰ ጎማ ይዘህ የዲሲ መንገድ ጉድጓድ ውስጥ በ40 ማይል ስትገባ ቸርኬው ይጎብጣል፤ ወይም የጎማው ጎን ያብጣል። ያበጠ ጎማ ደግሞ አይጠገንም። 225/40አር18 በ88 ወይም በ92 ይገኛል። ሁለቱም ከ87 በላይ ናቸው። ከ87 በታች የሆነ ጎማ በስጦታም አትቀበል።

ጎሚስታው ያለውን ፓራፋንጎ ማጠፍ ሙያው ነው፤ በደንብ የሚያጥፉ አሉ። የውድድር መኪና ላይ እኔም እስማማለሁ። ያንተ ግን የዕለት መኪና ነች። ሲታጠፍ ቀለሙ በጭራሽ በማይታይ ቦታ ሊሰነጠቅ ይችላል። በብርዱ ወራት መንገዱ ላይ የሚረጨው ጨው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ዝገቱን የምታየው ከዓመታት በኋላ ነው። በጎማ የሚፈታን ችግር በቆርቆሮ አንፍታው።

ሌላ ምርጫ የለም ወይ ካልከኝ አለ። 245/35አር18 ቁመቱ 629 ገደማ ነው፤ ከፋብሪካው ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። ስፋቱ ግን ያው 245 ስለሆነ በፕላስ 38 ኦፍሴት ወደ ውጭ መውጣቱ አይቀርም። 235/40አር18 ደግሞ 645 ነው፤ 3.2 በመቶ። ተወው። 215/40አር18 በቁመት 629 ነው፤ ፋብሪካውም ራሱ ያንተዋን በተካችው በአዲሷ ጂአር86 ላይ በ18 ቸርኬ ያስረዋል። ግን ያ ቸርኬ 7.5 ኢንች ነው። 8.5 ላይ ይለጠጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልህ። «ስፖርት መኪና ስለሆነች ሰፊ ጎማ ይገባታል» የሚለው አስተሳሰብ ለብዙ መኪና ይሠራል። ለዚች ግን አይሠራም። ከፋብሪካ ስትወጣ የታሰረላት ሚሽሊን ፕራይማሲ ኤችፒ ነበር። ያ ጎማ ፕሪየስ ላይም ይታሰር የነበረ ነው፤ ወገኖቻችን በዚህ ከተማ ታክሲ የሚነዱባት ፕሪየስ። መሐንዲሶቹ ሰፊና የሚጣበቅ ጎማ ማሰር አቅቷቸው አይደለም። 1,250 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ቀላል፣ ከኋላ የምትገፋ መኪና ሲሠሩ ሹፌሩ መንገዱን በመሪው እንዲሰማው ፈልገው ነው። በጣም ሰፊ ጎማ ስታስርላት ያ ስሜት ይጠፋል። እኔ ይቺን መኪና የምወዳት በዚያ ስሜቷ ነው። 225 ከ215 ትንሽ የተሻለ ይይዛል፤ ጸባይዋን ግን አይቀይርም። አራቱንም አንድ ልክ አድርግ። ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት ጠባብ ብታደርግ የፊቱንና የኋላውን እያቀያየርክ እኩል ማስጨረስ አትችልም።

የጎማውን ዓይነት በተመለከተ፣ ቨርጂኒያ ስለሆንክና አንድ ስብስብ ብቻ ስላለህ ኦል ሲዝን፣ ማለትም ለሁሉም ወቅት የሚሆነውን ግዛ። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይደርቃል፤ መያዙም ይቀንሳል። ለብርዱ ወራት የድሮዎቹን ባለ 17 ቸርኬዎች ካልሸጥካቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ 18ቱ ላይ የበጋ፣ 17ቱ ላይ የክረምት ጎማ ማሰር ትችላለህ። እኔ ብሆን አልሸጣቸውም።

ጎማው ሲቀየር ሦስት ነገር አብረህ አስታይ።

አንደኛ ሞዞው፣ ማለትም ቸርኬው የሚቀመጥበት እምብርት። ያንተም የሱባሩውም 56.1 ሚሊሜትር ነው። ከገበያ የሚገዛ ቸርኬ ግን መሃል ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 73.1 ነው። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልገዋል። የሸጠልህ ሰው ቀለበት ከነበረው፣ ቀለበቱ እርሱ መኪና ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በርካታ ጊዜ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ አንድ መኪና በ65 ማይል መሪው ይንቀጠቀጣል ተብሎ መጣልኝና ሦስት ጊዜ ባላንስ ሠራሁለት። ደንበኛው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ለካ ቀለበት አልነበረውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከባላንስ በፊት የማየው እርሱን ነው።

ሁለተኛ ዳዶዎቹ። የፋብሪካው ዳዶ መቀመጫው ሾጠጥ ያለ ነው። አዲሱ ቸርኬ ቀዳዳው ያንን የሚቀበል መሆኑን አረጋግጥ። ጥርሱ 12 በ1.25 ነው። የሚጠብቀው በ89 ፉት ፓውንድ ነው፣ በቶርክ ቁልፍ፤ በአየር ሽጉጥ አስረው «ይበቃል» እንዳይሉህ። ከ50 ማይል በኋላ ቁልፉን ይዘህ እንደገና ፈትሽ።

ሦስተኛ የነፋስ ዳሳሹ። የሱባሩው ዳሳሽ ውስጥ ካለ ያንተ መኪና አታውቀውም፤ የነፋስ ማስጠንቀቂያ መብራቱ አይጠፋም። ወይ መመዝገብ አለበት፣ ወይ የአንተን አውጥቶ ማስገባት። ነፋሱን በሩ ላይ እንደተጻፈው ሙላ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ነው እንጂ የመኪናህ ልክ አይደለም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ እቤትህ አንድ ሙከራ አድርግ። ልጆች የሚጫወቱበትን ባለቀለም ሊጥ ግዛ። ከፊት አሞርዛተሩ ላይ ጎማው በሚቀርብበት በኩል፣ ከኋላ ደግሞ ፓራፋንጎው ከንፈር ስር ለጥፈው። ሁለት ጓደኞችህን ከኋላ አስቀምጥና ሰፈርህን ዙር። ጉብታም ውጣ፤ መሪውንም እስከ ጥግ ጠምዝዝ። ተመልሰህ ሊጡ የት ላይ እንደተጨፈለቀ እይ። ከ5 ሚሊሜትር በላይ ውፍረት ከቀረ ተረጋጋ። መኪናዋን በአጭር ሞላ ዝቅ ለማድረግ ካሰብክ ግን ይህን ሙከራ ካደረግክ በኋላ አስብ። ያኔ አላይመንትም (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ትሠራለህ፤ ለቸርኬ ብቻ አያስፈልግም።

245ቶቹን አትጣላቸው። ከ2011 እስከ 2014 ባለው ደብሊውአርኤክስ የፋብሪካው ጎማ 235/45አር17 ነው፣ 643 ሚሊሜትር። ያንተ 245/40አር18 ከዚያ የሚበልጠው በ1.5 በመቶ ብቻ ነው። ባለ 18 ቸርኬ ያሰረ የሱባሩ ሰው በደስታ ይወስዳቸዋል። ከመሸጥህ በፊት ግን ጎናቸው ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ። 2318 ካለ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሳቸውን ለካ፤ 2/32 ኢንች ካልሞላ የቨርጂኒያን ዓመታዊ ፍተሻ አያልፍም። ጎናቸው ከተሰነጠቀ ወይም ሊሾ ከሆኑ ለሰው አትሽጣቸው፤ ጎሚስታው ዘንድ ተዋቸው፣ ጥቂት ዶላር ተቀብሎ ያስወግድልሃል።