ሰርትራሊን እየወሰድኩ የትኛውን ሰፕልመንት ልጨምር?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከዓመት ወዲህ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ስገባ ልቤ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ «አሁን ወደቅኩ» እላለሁ። እያደር ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ብቻዬን መሄድ ተውኩ። ሐኪም «አጎራፎቢያ ነው» (መውጫ የማይገኝ በሚመስልበት ቦታ መፍራት) ብሎ ሰርትራሊን የተባለ የጭንቀት መድኃኒት 50 ሚሊ ግራም አዘዘልኝ፤ ሦስት ሳምንቴ ነው። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ማግኒዥየም፣ ኦሜጋ 3፣ አሽዋጋንዳ፣ ሴንት ጆንስ ዎርት እና ኢኖሲቶል ይዛልኝ መጣች። የትኛውን ልውሰድ? መድኃኒቱንስ ልተወው?
(ት.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚለውን ብልቃጥ ዛሬውኑ ከቤት ያውጡት። ሰርትራሊን ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ሥራ ያጠናክራል፤ ይህም ዕፅ እንዲሁ። ሁለቱ ሲደራረቡ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ተቅማጥና የልብ ምት መፍጠን ሊያመጡ ይችላሉ። ክፋቱ፣ የእርስዎ ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሲያይ «ያው ፓኒኩ (ድንገተኛው ከባድ ፍርሃት) ተነሳብኝ» ብሎ ያልፈዋል። ከዚህም ሌላ ዕፁ ጉበት መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን፣ በክንድ የሚቀበረውን፣ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪንንና የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችን ያደክማል። ጀምረውት ከሆነ ዕፁን ያቁሙና ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ትኩሳት፣ የጡንቻ መገተር ወይም መቀባዠር ካለ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «5 ኤች ቲ ፒ» (ሰውነት ወደ ሴሮቶኒን የሚቀይረው ሰፕልመንት) የሚል ብልቃጥ ቢያጋጥምዎም ፍርዱ ያው ነው።

ሰርትራሊኑን አይተዉት። ሦስት ሳምንት ገና ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጭንቀቱ ሊብስም ይችላል፤ ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ መታየት ይጀምራል፣ ሙሉ ውጤቱ ደግሞ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

አሽዋጋንዳ የተባለውንም ዕፅ ቢተዉት ይሻላል። ጭንቀት ቀነሰ የሚሉ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። ነገር ግን ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል፣ የእንቅርት ሆርሞንንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛ ደግሞ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ዴንማርክ በ2023 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች። እርግዝና ካለ ፈጽሞ አይሞከርም።

ከአምስቱ ውስጥ በእርስዎ ሕመም ላይ በቀጥታ የተፈተነው ኢኖሲቶል የተባለው ስኳር መሰል ንጥረ ነገር ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. እስራኤል፣ ቤርሼባ ውስጥ ፓኒክ ባለባቸው 21 ሰዎች ላይ ለአራት ሳምንት በቀን 12 ግራም ተሰጥቶ፣ የፓኒኩ ብዛትም የአጎራፎቢያው ክብደትም ፈዋሽ ነገር ከሌለው ባዶ መድኃኒት ይልቅ ቀንሷል። 21 ሰው ጥቂት ነው፤ ተስፋ ይሰጣል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። አሁን የእርስዎን ብልቃጥ ይመልከቱ፦ አንዱ ካፕሱል 500 ሚሊ ግራም ከሆነ 12 ግራም ማለት በቀን 24 ካፕሱል ነው። ብዙ ሰው አንድ ዋጥ እያደረገ «ምንም አልሠራልኝም» የሚለው ለዚህ ነው፤ የወሰደው ከ24 አንዱን ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው ዱቄቱ ነው፤ ይጣፍጣል፣ ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ሐኪምዎ ከተስማሙ ከምግብ ጋር በቀን 2 ግራም ይጀምሩና በየሦስትና አራት ቀኑ 2 ግራም እየጨመሩ እስከ 12 ግራም፣ ለጠዋትና ለማታ እያካፈሉ ይውሰዱ። በአንዴ ከተዘለለ ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይመጣል። ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ እየናረና እየወደቀ የሚመላለስበት ሕመም) ያለበት ወይም ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን አይንካው።

ማግኒዥየም የሚጠቅመው በዋናነት ላነሰው ሰው ነው። ጤፍ፣ ባቄላና የዱባ ፍሬ የሚበላ ሰው ከምግቡ ጥሩ መጠን ያገኛል። ልሞክረው ካሉ ከክኒን የሚያገኙት ንጹሕ ማግኒዥየም በቀን ከ350 ሚሊ ግራም አይለፍ፤ «ኦክሳይድ» የሚለው ሆድ ያስቀምጣል፣ «ግላይሲኔት» ይለዝባል። ኩላሊት የታመመ አይውሰድ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ከታዘዙልዎ እነሱን ቢያንስ 2 ሰዓት አስቀድመው ይዋጡ፤ አለዚያ ማግኒዥየሙ ይዞ ያስቀራቸዋል።

ኦሜጋ 3 ላይ ሰው የሚታለለው በቁጥሩ ነው። ፊት ለፊት «1000 ሚሊ ግራም» ይላል፤ ያ የዓሣው ዘይት ክብደት ነው። ጀርባውን ቢያዩት ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 (ሁለቱ ዋና የኦሜጋ 3 ዓይነቶች) የሚል አይጠፋም፤ ድምሩ 300 ነው። ለጭንቀት ለውጥ የታየው ደግሞ ወደ 2000 ሚሊ ግራም አካባቢ ሲሰጥ ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ካፕሱል ሰባት ግድም ማለት ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ምንም ሳይጨምሩ የሚጠቅም ነገር ደግሞ አለ፦ ቡና መቀነስ። ፓኒክ ባለበት ሰው ላይ ብዙ ካፌይን ራሱ ፓኒኩን ሊቀሰቅስ ይችላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ታክሲ መሳፈር ልብን ቀድሞ ማስሮጥ ነው። በረካውን፣ ከሳምንት በኋላ ቶናውን ይቀንሱ፤ በአንድ ቀን ካቆሙት ራስ ምታቱ ሌላ ጣጣ ነው። ጫትም ካለ ያው ነው። የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ ካላደረጉ ያድርጉ፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፣ በእነዚህ ካፕሱሎችም አይድኑም።

ሰፕልመንት ቢጀምሩ አንድ በአንድ ይሁን። አራት ሳምንት፣ በየቀኑ ስንቴ ፓኒክ እንደመጣ በደብተር እየጻፉ። ሁለት አብረው ከጀመሩ የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንደጎዳ አይታወቅም።

አንድ ወጥመድ አለ፤ በዚህ ሕመም ብዙ ሰው ይወድቅበታል። ካፕሱሉን ታክሲ ከመሳፈርዎ በፊት ከዋጡት ወይም ብልቃጡን በቦርሳ ይዘው ካልሆነ የማይወጡ ከሆነ፣ አንጎልዎ «የዳንኩት በሱ ነው» ብሎ ይማራል፤ ቦርሳው የተረሳ ቀን ከበር መመለስ ይመጣል። ስለዚህ ከምግብ ጋር ቤት ይዋጥና ብልቃጡ መደርደሪያው ላይ ይቅር። ከዚያ መለማመዱ ይቀጥላል፦ መጀመሪያ ታክሲ ተራው ጋ ሄዶ ሳይሳፈሩ መቆም፣ ቀጥሎ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ከእህትዎ ጋር አንድ ፌርማታ፣ ከዚያ ያንኑ ብቻዎን፣ ከዚያ ሁለት። ፍርሃቱን ከ10 ይለኩት፤ 8 ከነበረ ወደ 4 ሳይወርድ አይመለሱ። በሳምንት አምስት ቀን ያህል ይደጋገም፤ አንዱ ደረጃ ሲሰለችዎት ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ጥያቄ፦ የዓሣ ዘይት ለጾም ይሆናል?
(ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እንተወው። የካፕሱሉ ቆዳ ግን ብዙ ጊዜ ጀላቲን ነው፤ ጀላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይሠራል፤ ይህ ሙስሊም አንባቢዎቻችንንም ይመለከታል። ከባሕር አልጌ የተሠራ፣ ቆዳውም የዕፅዋት የሆነ ኦሜጋ 3 ይሸጣል። ሲገዙ ጀርባው ላይ የኢፒኤውን መጠን ይዩ፤ ከአልጌ የሚሠሩት አንዳንዶቹ ዲኤችኤ ብቻ ናቸው፣ ጭንቀት ላይ በብዛት የተጠናው ግን ኢፒኤ ያለበት ነው።