ጫካው ሌሊት አይበራም፤ የካሜራህ ሰዓት ነው

ከኬንት፣ ዋሽንግተን ስቴት የደረሰኝ ጥያቄ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እንዳይስቁብኝ እንጂ ቢግፉት የሚሉትን፣ ጫካ ውስጥ ይኖራል የሚባለውን ግዙፍ ፀጉራም ፍጡር እየፈለግኩ ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ሁለት ትሬይል ካሜራ (ዛፍ ላይ ታስሮ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳውን) ገዝቼ ጊፎርድ ፒንሾ ጫካ ውስጥ ሰቀልኩ። ቀኑንና ሰዓቱን የሞሉልኝ በቅርብ ከአገር ቤት የመጡት አጎቴ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስሄድ አንደኛው ባትሪው አልቆ ሞቷል። ሌላው 2,300 ፎቶ አንስቷል፤ ሁሉም ቅጠል ነው ማለት ይቻላል። የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ፎቶዎች ከ4 ኤኤም እስከ 9 ኤኤም የተነሱ ናቸው፤ በ4 ኤኤም ጫካው እንደ ቀን ቦግ ብሎ ይታያል። በ1:40 ፒኤም ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ግማሹ የተቆረጠ ትልቅ ጥቁር ነገር አለ። ሌሎቹ የጨለማ ፎቶዎች ነጭ በነጭ ናቸው። ከዛፍ ቅርፊት ላይ ፀጉርም አግኝቻለሁ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ በቢግፉቱ አልሳቅኩም። በሰዓቱ ግን ሳቅኩ።

አጎትህ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው ነው የሞሉት። ሰዓታቸው ደግሞ ገና ሐበሻ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን «3:00 ኤኤም» ብለው አስገቡ። በፈረንጁ ግን 9:00 ነበር። ስለዚህ ካሜራህ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። «4 ኤኤም» የሚልህ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ጫካው ሞቅ ማለት ሲጀምር። «1:40 ፒኤም» የሚልህ ደግሞ ከምሽቱ 1:40 ነው። በኦክቶበር አጋማሽ በዚያ ሰዓት ዋሽንግተን ጨልማለች። እንግዲህ ሌሊት የሚበራ ጫካ የለም፣ ቀን የሚጨልምም የለም። አጎትህ እንደ አገራቸው ልክ ናቸው፤ ካሜራው ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሐበሻ ሆኖ የሰነበተው።

ይህን ቀልድ ብለህ አትለፈው። የካሜራህን አሞላል በእርግጠኝነት ካላወቅክ፣ ያነሳው ነገር ምንም ቢሆን ማንንም አታሳምንበትም። ቢግፉት ፈላጊዎች ሁሉ የሚያውቁት ፊልም አለ፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1967 በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ብላፍ ክሪክ በሚባል ቦታ የተቀረጸው። አንድ ፀጉራም ፍጡር በሁለት እግሩ እየሄደ ዞር ብሎ ያያል። አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ፊልም ነው። ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ከክርክሩ አንዱ ካሜራው በሴኮንድ ስንት ፍሬም ላይ ተሞልቶ ነበር የሚለው ነው። ፍጥነቱ አንድ ከሆነ አረማመዱ የሰው ይመስላል፣ ሌላ ከሆነ ለየት ይላል። ፊልሙን ያነሳው ሰው ያቺን ቁጥር በዕለቱ ወረቀት ላይ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ምራቁን ባልጨረሰ። አንተ ጻፍ። የሰቀልክበትን ቀን፣ ሰዓቱን ከስልክህ ጋር አስተያይተህ፣ የካሜራውን ከፍታ፣ ፊቱን ያዞርክበትን አቅጣጫ፣ ሁሉንም ጻፍ።

አሁን ወደ 2,300ዎቹ ቅጠሎች እንምጣ።

ይህ ካሜራ እንስሳ አያይም። ሌንሱ ተኝቷል። የሚጠብቀው ከሥሩ ያለችው ትንሽ ሴንሰር ናት፤ እሷ የምታውቀው ሙቀት ብቻ ነው። ከጀርባው ካለው ነገር የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ ነገር ፊቷ ሲንቀሳቀስ ካሜራውን ትቀሰቅሰዋለች። በፀሐይ የሞቀ ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ ለእሷ ከአጋዘን አይለይም። ሰዓቱን ካስተካከልን በኋላ ባዶዎቹ ፎቶዎችህ ሁሉ ከጠዋቱ አራት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ናቸው። ፀሐይ ቅጠሉ ላይ የምታርፍበት ሰዓት ማለት ነው። ማንም በሰው ዓይን የማይታይ ነገር አላለፈም። ፈርን የሚባለው ቅጠላም ተክል ነው ያለፈው፣ እሱም ከቦታው ሳይነሳ።

ከላክልኝ ፎቶዎች እንዳየሁት ካሜራህ ወደ ደቡብ ዞሯል። ወደ ሰሜን አዙረው። እዚህ አገር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትዞር፣ ሰሜን ያየ ካሜራ ፀሐይን ፊት ለፊት አያገኛትም። ሁለተኛ፣ የሰቀልክበት ዛፍ ቀጭን ነው። አድማሱ ከፎቶ ፎቶ ሲያዘም አይቻለሁ። ዛፉ ሲወዛወዝ ለሴንሰሯ ጫካው በሙሉ የተንቀሳቀሰ ይመስላታል። ከጭንህ የወፈረ ግንድ ፈልግ። ሦስተኛ፣ ሴንሰሯን ከ«ሃይ» ወደ መካከለኛ አውርዳት። ዛፉንና አቅጣጫውን ሳታስተካክል ይህን ብቻ ብታደርግ ግን የምትፈልገውም አብሮ ያመልጥሃል።

ነጭ በነጭ የሆኑት የሌሊት ፎቶዎች ሌላ ጣጣ ናቸው። ካሜራው በጨለማ የሚያበራው በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ነው። ብርሃኑ መጀመሪያ የሚያገኘው ቅርብ ያለውን ነው። ካሜራህ ፊት፣ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ የፈርን ቅጠል ተንጠልጥሏል። ብርሃኑ እሱ ላይ ያርፋል፣ ቅጠሉ ነጭ ይሆናል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ጉም ባለበት ሌሊት ደግሞ ጉሙ ራሱ ብርሃኑን መልሶ ይተፋል፤ በዚያ አካባቢ ጉም የሌለበት ሌሊት ማግኘት ራሱ ዕድል ነው። ቅጠሉን አትቁረጥ፤ የሕዝብ ደን ነው። ከፊቱ አራት አምስት ሜትር ክፍት የሆነለት ሌላ ዛፍ ምረጥ። ያም ሆኖ ከነጣብህ ከመብራቶቹ ላይ የተወሰኑትን ወረቀት መሰል ፕላስተር ለጥፍባቸው። ርካሽ ዘዴ ናት፣ ግን ትሠራለች።

ስለ መብራቱ ካነሳን፣ 850 ናኖሜትር የሚባለው ዓይነት ሲበራ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይታያል። 940 የሚባለው አይታይም፤ ግን ርቀቱ ያጥራል፣ ፎቶውም ሻካራ ይሆናል። ፈላጊዎች ሁሉ «ቢግፉት ቀዩን አይቶ ይሸሻል» እያሉ 940 ይገዛሉ። እኔ ለአንተ 850ውን እመርጣለሁ። ሸሽቶም ቢሆን ጥርት ብሎ ይውጣ።

ባትሪው ቀላል ነው። ተራውን አልካላይን ድንጋይ ነው የከተትክበት፣ ያውም አሮጌና አዲስ ቀላቅለህ። አልካላይን በብርድ ይደክማል፣ ጉልበቱም በየቀኑ እየወረደ ይሄዳል። የሌሊቱ መብራት ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ይጠጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞተው የሌሊቱ ነው፤ ቀን ደህና ያነሳል፣ ማታ ያንቀላፋል። ቻርጅ የማይደረገውን ሊቲየም ግዛ። ይወደዳል፤ ግን እስከ መጨረሻው ጉልበቱን ይዞ ይቆያል፣ ብርድም አይበግረውም። ቅጠል ማንሳቱን ስታስቆመው ደግሞ ዕድሜው በራሱ ይረዝማል። ሚሞሪ ካርዱን እዚያው ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርገው፣ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት አንዷን ውስጡ ጣል አድርግበት። ስትወጣም ማብሪያው «ኦን» ላይ መሆኑን እይ። እኔ የደህንነት ካሜራ ስገጥም 19 ዓመቴ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ አንዱን ትሬይል ካሜራ «ሴትአፕ» ላይ ረስቼው ሁለት ወር ሙሉ ዛፍ ላይ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎልኛል። ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

እሺ፣ ጥቁሩ ነገር።

ግማሹ የተቆረጠው ካሜራህ መንገዱን ቀጥ ብሎ በጎን ስለሚያየው ነው። ሴንሰሯ የምትወደው ፊቷን አቋርጦ የሚያልፈውን ነው። ግን ቀስቅሳው ሌንሱ እስኪነቃ ድረስ እንስሳው ሄዷል፤ የሚቀርልህ ወገቡና ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወደ ካሜራው ቀጥ ብሎ የሚመጣውን ደግሞ ቶሎ አታውቀውም። ስለዚህ መንገዱን በሰያፍ እንዲያይ አድርገው፣ 45 ዲግሪ ገደማ። አንድ ሲቀሰቀስ ሦስት ተከታታይ ፎቶ እንዲያነሳ ሙላው። ከፍታውን ከወገብ በላይ አታድርገው። «ቢግፉት ረጅም ነው» ብለህ ሦስት ሜትር ላይ ብትሰቅለው ሴንሰሯ ከራሱ በላይ ታያለች።

ከዚያ ፎቶ በፊት ያለውን አይተኸዋል? ከ11 ደቂቃ በፊት የተነሳ አለ። ግራ ጥጉ ላይ ክብ ጆሮ ይታያል። እኔ ድብ ነው እላለሁ፤ ጥቁር ድብ፣ ከኋላ የታየ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፔንስልቬኒያ ውስጥ አንድ አዳኝ የሰቀለው ትሬይል ካሜራ ቀጭን፣ እጀ ረጅም፣ ዝንጀሮ የሚመስል ነገር አንስቶ አገር ተሸብሮ ነበር። የክልሉ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ግን እከክ ይዞት ፀጉሩ የረገፈ ድብ ነው አለ። እዚያው ካሜራ ላይ ትንሽ ቀደም ብሎ የድብ ግልገሎች ተነስተው ነበር። ድብ ደግሞ ሲፈልግ ይቆማል። ኒው ጀርሲ ውስጥ የፊት እግሩ ተጎድቶ በሁለት እግሩ ሰፈር ለሰፈር ሲንሸራሸር የኖረ ድብ ነበር፤ ፔዳልስ ይሉታል፣ ቪዲዮው አለልህ። አሯሯጡን ሳይሆን አረማመዱን አይቼ እኔ ራሴ የድብ ልብስ የለበሰ ሰው መስሎኝ ነበር።

ፀጉሩን በተመለከተ ብዙ አትድከም። እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ታዋቂ ፈላጊ እንዲህ ያለ ፀጉር ለኤፍቢአይ ልኮ ነበር። እነሱም አልናቁትም፣ መረመሩት። የአጋዘን ሆኖ ተገኘ። የኦክስፎርዱ ብራያን ሳይክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ከብዙ አገር በተላከለት ፀጉር ላይ የዲኤንኤ ምርመራ አሳትሟል። ከአሜሪካ የተላኩት ድብ፣ ፈረስ፣ ላም፣ ተኩላ ወይም ውሻና ሌሎች የታወቁ እንስሳት፣ አንዱም የሰው ሆኖ ወጣ።

ይህን ስልህ ካሜራህን አውርድ ማለቴ አይደለም። በዚያው ተራራ ሰንሰለት ላይ፣ ማውንት ሬኒየር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ወልቨሪን የሚባለው እንስሳ ከነልጆቹ ተገኝቷል። በፓርኩ ውስጥ የወለደች ወልቨሪን ከመቶ ዓመት በላይ አልታየችም ነበር። ያረጋገጠው ካሜራ ነው። እኛም አገር፣ ሱዳን ድንበር ላይ ባለው አላጣሽ ፓርክ፣ አንበሳ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ2016 ለዓለም ያሳየው ዛፍ ላይ የታሰረ ካሜራ ነው። የአካባቢው ሰው ድሮም ያውቅ ነበር፤ ፎቶ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ለቢግፉት ብለህ የሰቀልከው ለሌላ ሰው ትልቅ ነገር ሊያነሳ ይችላል። እኔ በልጅነቴ ጭራቅ እንዳይበላኝ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አድጌያለሁ፤ እዚህ ሰው ገንዘብ አውጥቶ ጭራቁን ሲፈልግ ማየት አሁንም ይገርመኛል። ግን አልከለክልህም።

ጥቂት ነገር ብቻ ልንገርህ። ከመሄድህ በፊት የደን ጥበቃ ቢሮው ደውልና ካሜራ ስለ መስቀል ያለውን ደንብ ጠይቅ። ዛፍ ላይ ሚስማር አትምታ፣ በቀበቶ እሰር። የሚበላ ነገርም አታስቀምጥ፤ ድብ ራስህ ላይ ትጠራለህ፣ ካሜራውንም ያኝክልሃል። ኦክቶበር የአደን ወቅት ስለሆነ ብርቱካንማ ሰደርያ ልበስ። ጥቁር ጃኬትህን ለብሰህ ቅጠል ውስጥ ስትርመጠመጥ አንዱ አዳኝ አንተኑ ቢግፉት ብሎ እንዳይተኩስ። ጠመንጃም ይዘህ እንዳትሄድ። የዚያ ጫካ ትልቁ ክፍል ያለበት ስካማኒያ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ቢግፉትን መግደል በሕግ ከልክሏል፤ ያኔ ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላርና አምስት ዓመት እስር ነበር። ቀኑ ኤፕሪል 1 ስለነበር ቀልድ የመሰለው ብዙ ነው። ሕጉ ግን የምር ነው።

እንግዲህ ወደ ጥቁሩ ነገር ስንመለስ፣ ቃሌን ብቻ ይዘህ እንዳትቀመጥ፣ ለካው። በሚቀጥለው ስትሄድ ካሜራውን ለጊዜው ወደ ድሮ ቦታው መልሰህ፣ በድሮው ከፍታ እሰረው። አጎትህን ይዘሃቸው ሂድ። ጥቁሩ ነገር የነበረበት ቦታ ላይ ቀጥ ብለው ይቁሙልህና አንድ ፎቶ ይነሱ። ከዚያ፣ ካላስቸገርናቸው፣ በአራት እግር ሆነው አንዴ ይለፉ። ሦስቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርገህ ላክልኝ። ቁመታቸውንም ጻፍልኝ፣ ከነጫማቸው። ሰዓቱን ግን በዚህኛው ዙር አንተ ሙላው።