የሕፃናትን የደም ካንሰር መነሻ ለማጥናት ላብራቶሪውን ልተው?

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሜዲካል ላብራቶሪ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። የአክስትሽ ልጅ በአራት ዓመቱ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ተገኝቶበት አዲስ አበባ እየታከመ ነው። ጎረቤቱ አክስትሽን «እርጉዝ እያለሽ ምን በልተሽ ነው?» እያለ ያሳቅቃታል። አንቺ ደግሞ በሽታው ማህፀን ውስጥ እንደሚጀምር አንብበሽ፣ ይህን ማጥናት ፈልገሻል። ቤተሰብ «ላብራቶሪውን ተዪና ሕክምና ግቢ» ይልሻል።

አብሽሪ። ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነሽ።

ማስረጃው እንዴት እንደተገኘ ተመልከቺ። በብዙ አገሮች ሕፃን ሲወለድ ተረከዙን ወግተው ጥቂት ደም ወረቀት ላይ ያደርቃሉ። ዓላማው ሌሎች በሽታዎችን ቀድሞ ለመለየት ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) እንግሊዛዊው የሉኪሚያ ተመራማሪ ሜል ግሪቭስና ባልደረቦቹ፣ በኋላ ሉኪሚያ የያዛቸውን ልጆች ወረቀት ከተቀመጠበት አስወጥተው መረመሩ። በካንሰሩ ሴል ላይ ያዩት የጂን ለውጥ በዚያ የአራስነት ደም ውስጥም ተገኘ! አንድ የእንግዴ ልጅ የተጋሩ መንትዮች ሁለቱም ሲታመሙም፣ ሴሎቻቸው አንድ ዓይነት የጂን ስብራት ይዘው ተገኙ። ስብራቱ ከወላጅ አልተወረሰም። አንዱ ላይ ተፈጥሮ፣ በሚጋሩት ደም ወደ ሌላው ተሻገረ እንጂ።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ከደም ናሙና ነው። ናሙና መያዝ፣ ማንበብና መጠበቅ ያንቺ ሙያ ነው።

ለአክስትሽ ግን ዛሬውኑ ይህን ንገሪያት። ኢቲቪ6-ራንክስ1 የሚባለው፣ ከልጆች ሉኪሚያ ጋር የተያያዘ የጂን ለውጥ ከ100 አራስ ሕፃናት ቢያንስ በ1 ያህሉ ላይ ይገኛል። ከእነዚያ ውስጥ የሚታመሙት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። በሽታው እንዲነሣ ከተወለዱ በኋላ ሌላ የጂን ለውጥ መጨመር አለበት። ግሪቭስ ለዚህኛው መነሻ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ይሟገታል። የመጀመሪያው ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ሴል ሲከፋፈል በአጋጣሚ የሚደርስ ነው። የእናት ጥፋት አይደለም።

ሌላም በር አለ። እንግሊዛዊቷ ሐኪም አሊስ ስቱዋርት በ1950ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ኦክስፎርድ ሆና በካንሰር የሞቱ ልጆችን እናቶችና የጤነኞችን እናቶች በመጠይቅ አነጻጸረች። በእርግዝና ጊዜ ሆድ ላይ የሚነሣ ኤክስሬይ የልጅነት ካንሰርን እንደሚጨምር የታወቀው በዚያ መንገድ ነው። ስለዚህ ስታቲስቲክስን እንደ ትርፍ ኮርስ አትይው። አር (R) የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ከአሁኑ ጀምሪ፤ በነፃ ይገኛል።

ሕክምናን በተመለከተ፣ ልጆቹን አልጋቸው አጠገብ ቆመሽ ማከም ከፈለግሽ ግቢ። የሚያስጨንቅሽ «ከየት ጀመረ?» የሚለው ከሆነ ግን፣ ሌላ ብዙ ዓመት ከዜሮ መጀመር አይታየኝም። የመውጫ ፈተናውን እለፊ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሄማቶሎጂ (በደም ጥናት) ማስተርስ ያዢ። ደመወዙ እንደ ድካሙ አይደለም፤ ይህን ለቤተሰብሽም አትደብቂ።

አሁን በእጅሽ ያለው ብለድ ፊልም (በመስታወት ስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ደም) ነው። አታቃልዪው። ሕፃኑ «ወባ ነው፣ ደም ማነስ ነው» ተብሎ ሲመላለስ፣ ስላይዱ ላይ ብላስት (ያልበሰለ የደም) ሴል ለይቶ የሚያስደነግጠው ዓይን የላብራቶሪ ባለሙያው ነው። ለተግባር ልምምድ ስትወጪ ከሲቢሲ (የደም ሴል መቁጠሪያ) ማሽኑ ውጤት ጋር ስላይዱን ራስሽ እዪ። ፒሲአርም (ዘረ መልን አባዝቶ የሚለይ ምርመራ) ለመማር ደሴ ያለውን የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ጠይቂ።

የመመረቂያ ጥናትሽንም እዚያው አካባቢ አድርጊው። ደሴ ሆስፒታል ላብራቶሪ ብላስት የታየባቸው ሕፃናት ከየት ወረዳ መጡ? ከመጀመሪያ ሕመማቸው እስከ ምርመራው ስንት ጊዜ ፈጀ? የጥናቱ የሥነ ምግባር ፈቃድ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ርዕሱን በዚህ ሴሚስተር ለአማካሪሽ አቅርቢ። ረቂቁን ከላክሽልኝ አነብልሻለሁ።