የጠመንጃ ጥገና ልማር ላልከው

«ሌዘርና የኤሌክትሮማግኔት መሣሪያ እየመጣ ነው፣ የጠመንጃ ጥገና ብማር ጊዜዬን ማቃጠል አይሆንም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ወንድሜ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጥገና ቤት ውስጥ ነው። ተማር ነው የምልህ። ባሩድ በቀላሉ ቦታውን አይለቅም።

መጀመሪያ ኃይሉን አስበው። አንድ ኪሎ ዘመናዊ ባሩድ ከ3 እስከ 4 ሜጋጁል ይይዛል (ሜጋጁል የኃይል መለኪያ ነው)። አንድ ኪሎ ሊቲየም ባትሪ ግን 1 ሜጋጁል እንኳ አይሞላም። ባሩዱ ደግሞ ያንን ኃይል በሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ይለቀዋል፤ ባትሪ ይሄን ስለማይችል ሌላ ከባድ ዕቃ ይጨመርበታል፣ ያን ሁሉ ተሸክሞ የሚሮጠው ሰው ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2010 የኤሌክትሮማግኔት መድፉን በ33 ሜጋጁል ተኩሶ ጉድ አሰኝቶ ነበር፣ በ2021 ግን ሥራውን አቆመው። አንዱ ራስ ምታት ጥይቱን በመብራት ኃይል የሚገፉት ሁለት የብረት ሐዲዶች ቶሎ ቶሎ መበላታቸው ነው። ጃፓን በ2023 ከመርከብ ላይ ተኩሳ ሞክራለች፣ ስለዚህ ነገሩ አልሞተም። ግን የመርከብ ነው እንጂ የትከሻ አይደለም።

ሰው የሚንቀው ሌላው ነገር ቀለህ፣ ባሩዱን የሚይዘው የጥይት ቅርፊት ነው። ገና የወደቀ ቀለህ አንስተህ ታውቃለህ? ጣት ይልጣል። ያ ሙቀት ከጠመንጃው ወጥቶ የሄደ ሙቀት ነው። ሄክለር ኤንድ ኮክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ጂ11 የሚባለውን፣ ቀለህ የሌለው ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ሲሠራ የመጣበት ችግር ይኸው ነበር፤ ጠመንጃው ሲግል ማንም ቃታ ሳይስብ ጥይቱ ይባርቃል። በኋላ ሙቀት የሚችል ሌላ ባሩድ አገኙለት፣ ሆኖም የጀርመን ጦር በብዛት ሳይታጠቀው ቀረ።

ለውጡ ያለው ጥይቱና ጠመንጃው ላይ የሚገጠመው ማነጣጠሪያ መነጽር ላይ ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር በ2022 የመረጠው ጠመንጃ 6.8 ሚሊሜትር ጥይት ይተኩሳል። ግፊቱ ኃይለኛ ስለሆነ ናስ ብቻውን አልቻለውም፣ ለዚህ የቀለሁን ቂጥ ከጠንካራ ብረት ሠሩት። መነጽሩ ደግሞ ርቀቱን በሌዘር ለክቶ፣ የጥይቱን አወራረድ አስልቶ የት ማነጣጠር እንዳለብህ ያሳይሃል። ሌዘር በመሣሪያነት ድሮን ለመጣል ይረዳል፣ ጭጋግና አቧራ ሲመጣ ግን ይዳከማል።

እዚህ ላይ ነው ሥራ የሚጠብቅህ። እኔ ጋ ከሚመጡት መነጽሮች የብዙዎቹ ሌንስ ደህና ነው፣ የተበላሸው የባትሪ ቤቱ ነው። ባትሪው ውስጡ ተረስቶ ይፈስና ነጭ ዱቄት ሠርቶ የመዳብ ምላሱን ይበላዋል። አንዳንዱ በጥጥና በአልኮል ሲጸዳ ይነሳል፣ አንዳንዱ እንደገና መበየድ ይፈልጋል፣ ይሄን የሚችል የጠመንጃ ባለሙያ ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ብረቱን ተማር፣ ጎን ለጎን ኤሌክትሮኒክስ ጨምርበት። መበየጃና መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አሁኑኑ ያዝ።