ሎድ ከመምረጣችሁ በፊት

ልጆች፣

ሲዲኤል፣ ማለትም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ባወጣችሁ ማግስት ትደውሉልኛላችሁ። "ጋሼ፣ የትኛው ሎድ፣ የትኛው ጭነት ያዋጣል?" ነው ጥያቄያችሁ። አልፈርድባችሁም፤ ከ24 ዓመት በፊት እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ለዛሬ ግን ስለ አንድ አየርላንዳዊ ላጫውታችሁ። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።

ሰውየው ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ይባላል። በ1799 አየርላንድ ውስጥ ካቫን በሚባል አውራጃ ተወለደ። አሜሪካ የገባው ገና በወጣትነቱ ነው። በ1823 ሚዙሪ ወንዝን ይዘው ወደ ላይ ከሚወጡ ቢቨር አዳኞች ጋር ተቀጠረ። ቢቨር ውኃ ውስጥ የሚኖር ጸጉራም እንስሳ ነው፤ የዚያ ዘመን ሀብታም ባርኔጣው ከዚህ ጸጉር የተሠራ ነበር። የዛሬው ጥሩ ሎድ በሉት።

በ1824 ከጓደኞቹ ጋር ሮኪ ተራሮችን በሳውዝ ፓስ ተሻገረ። ጋሪ እንኳ ሳይቸገር የሚያልፍበት ሰፊ በር ነው። "አገኙት" ተብሎ ይጻፋል። እንዲያው ለነገሩ፣ አቅጣጫውን የነገሯቸው ክሮው የሚባሉት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ሰምቶ መሄድም እውቀት ነው።

ቆዳውን ይዞ ሲመለስ ወንዙ ለጀልባ አልሆን አለው። ቆዳውን ደብቆ እየተራበ በእግሩ ፎርት አትኪንሰን የሚባል የጦር ሰፈር ገባ፤ የዛሬዋ ኦማሃ አጠገብ ማለት ነው። ከዚያ ፈረስ ይዞ ተመለሰና ቆዳውን አወጣ። በ1832 ደግሞ ብቻውን ሲጓዝ ጠላት አባረረው። ፈረሱን አጣ፣ ድንጋይ ሥር ተደበቀ። ሲያገኙት በረሃብ አጥንቱ ቀርቶ ነበር። ጸጉሩ የሸበተው ያኔ ነው ይባላል። በኋላ የገዛ ጠመንጃው ግራ እጁን አበላሸውና "የተሰበረ እጅ" የሚል ስም ወጣለት።

ይህ ሁሉ መከራ ለቢቨር ነበር። ከዚያ የሐር ባርኔጣ ፋሽን መጣ፣ የቆዳው ዋጋ ወደቀ። በ1840 የአዳኞቹ ዓመታዊ ገበያ ለመጨረሻ ጊዜ ተደርጎ ቀረ። ፊትዝፓትሪክ ምን ቀረው? መንገዱ። የትኛውን ወንዝ በየት በኩል እንደሚሻገሩት፣ ሣር የት እንዳለ፣ በረዶ መቼ እንደሚዘጋ ያውቃል። በ1841 ወደ ካሊፎርኒያ ሊሄዱ የተነሱ ሰዎች መንገዱን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበራቸውም። እሱ ሚስዮናውያንን እየመራ ነበርና ተከተሉት። ሶዳ ስፕሪንግስ የሚባል ቦታ ሲደርሱ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በሱ መንገድ ወደ ኦሪጎን አቀኑ። ሌሎቹ ያለ መሪ ወደ ካሊፎርኒያ አመሩ። ጋሪዎቻቸውን ጥለው፣ ከብቶቻቸውን አርደው እየበሉ ነው ኅዳር ላይ የደረሱት።

እኔም ጋሪዬን ጥዬ አውቃለሁ። ዋዮሚንግ ውስጥ ሻያን ከተማ ላይ ነዳጅ ስቀዳ አንድ ሽማግሌ ሾፌር "ባዶ ተጎታች ይዘህ ዛሬ አትሂድ፣ ንፋሱ እስኪበርድ እደር" አለኝ። ጭነት የሚያገናኘኝ ዲስፓቸር ደግሞ ስልኬን አያሳርፈውም። ጂፒኤሱም "መንገዱ ክፍት ነው" ይላል። ሄድኩ። ከላራሚ ወደ ሮሊንስ ስሄድ ኤልክ ማውንቴን ጋ ንፋሱ ተጎታቹን አንስቶ ጣለው። እኔም አብሬው ጋደም አልኩ። ሦስት ወር ሥራ ፈታሁ። የሽማግሌውን ስም እንኳ አልጠየቅሁም ነበር።

ሰውየውን ቅዱስ አላደርግላችሁም። እሱ ባሳየው መንገድ ስንቱ ጋሪ ጎረፈ፤ ጎሹ ተመናመነ፣ የአገሩ ነባር ሰው ተራበ። ከ1846 ጀምሮ በነባሮቹ ዘንድ የመንግሥት ወኪል ሆኖ ስለዚህ ረሃብ ለአለቆቹ ደጋግሞ ጻፈ። ሚስቱ በእናቷ ከነባሮቹ አንዱ ከሆነው ከአራፓሆ ሕዝብ ስለነበረች ነገሩ ከቤቱም አይርቅም። በ1851 ሆርስ ክሪክ ላይ ወደ 10,000 ሰው በተሰበሰበበት ውል መንግሥት ለነባሮቹ በዓመት 50,000 ዶላር ለ50 ዓመት ሊሰጥ ተስማሙ። ሴኔቱ ግን 50ውን ዓመት ወደ 10 ቆረጠው። የፖለቲካ መንገድ ሌላ ነው፤ ያንን ፊትዝፓትሪክም አያውቀውም ነበር።

በየካቲት 1854 ለውል ጉዳይ ዋሽንግተን መጥቶ በሳንባ ምች ሞተ። ያን ሁሉ በረዶ ያለፈ ሰው! የተቀበረው እዚሁ ዲሲ፣ ኮንግረሽናል መካነ መቃብር ነው። ብዙዎቻችሁ በአጠገቡ ታልፋላችሁ።

የሎዱን ነገር ሌላ ቀን እናወራለን። እስከዚያው ዋዮሚንግ ልትገቡ ስትሉ፣ በተለይ ተጎታቹ ባዶ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ።