ከሜይንፍሬም አንጋፋዎች ጎን ለምትቀመጡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከእናንተ ጥቂቶቻችሁ በዚህ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚገኙ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ተቀጥራችሁ «የሜይንፍሬሙን ቡድን ወደ ዘመናዊ አሠራር አስገቡ» የሚል ኃላፊነት እንደተሰጣችሁ ነግራችሁኛል፤ ሜይንፍሬም እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ዋና ሒሳባቸውን የሚያካሂዱበት ትልቅ ኮምፒውተር ነው። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ ኮቦል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከጻፍሁ በኋላ፣ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ዓመታት የሠራሁት ይህንኑ ነበርና ያየሁትን፣ ከሁሉም በላይ ያበላሸሁትን፣ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ኮቦል መነደፍ የጀመረው በ1959 ሲሆን፣ አይቢኤም ሲስተም 360 የተባለውን የማሽን ቤተሰብ ይፋ ያደረገው ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ነው። አንድ የኮቦል መስመር ስትከፍቱ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓምዶች ለተራ ቁጥር እንደተያዙ፣ ኮዱ ከስምንተኛው ዓምድ እንደሚጀምርና ከ72ኛው በኋላ ያለውን ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ከቁም ነገር እንደማይቆጥረው ታያላችሁ። ይህ ሁሉ የመጣው ፕሮግራም በቀዳዳ ይጻፍበት ከነበረው ከ80 ዓምዱ ካርድ ነው፤ ተራ ቁጥሩም የካርዱ ክምር ከእጅ ወድቆ ቢበተን መልሶ ለመደርደር የተበጀ ነበር። እናንተን የሚያስቀው ነገር ሁሉ በጊዜው ምክንያት ነበረው። አንዳንዱ ምክንያት ከካርዱ ጋር አልፏል፤ አንዳንዱ ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም፤ ሥራችሁ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው።

ይህን የተማርሁት ፕሮግራሞቻችንን የኮድ ለውጦችን ወደሚመዘግበው መሣሪያ፣ ወደ ጂት፣ ስናዛውር በውድ ዋጋ ነው። ሜይንፍሬም ፊደላትን የሚያስቀምጠው ኤብሲዲክ በሚባለው ኮድ ሲሆን፣ ጂትና አብረውት የሚሠሩት መሣሪያዎች ደግሞ ዩቲኤፍ 8 የተባለውን ሌላ የፊደል ኮድ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ፕሮግራሞቹ ወደ ጂት ሲገቡ ከአንዱ ኮድ ወደ ሌላው ይለወጣሉ፣ ለኮምፓይል ሲመለሱም እንደገና ይለወጣሉ። በኤብሲዲክ በሄክስ (በአሥራ ስድስት መሠረት አጻጻፍ) 15 ተብሎ የሚጻፈው ባይት (አንድ ፊደል የሚይዘው ቦታ) የመስመር ማብቂያ ምልክት ስለሆነ፣ በአንድ መስመር መሐል ከተገኘ በዚህ መንገድ ላይ መስመሩን ለሁለት ይሰብረዋል። ባዛወርናቸው ፕሮግራሞች ውስጥ እንዲህ ያሉ በጣት የሚቆጠሩ ባይቶች ተገኙ። እኔም ከዓመታት በፊት በስህተት የገቡ መስለውኝ፣ ቀነ ገደቡም ስለ ደረሰ፣ ስክሪፕቱ በባዶ ቦታ እንዲተካቸው አደረግሁ።

ባዶ ቦታ በኤብሲዲክ ሄክስ 40 ነው። ከእነዚያ ባይቶች አንዱ ግን በስህተት የገባ አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ፕሮግራመር የአገልግሎት ክፍያውን መጠን በፓክድ ዴሲማል (በአንድ ባይት ሁለት አሃዝ በሚያሽገው አጻጻፍ) አድርጎ፣ ባይቶቹን በቀጥታ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብቷቸው ኖሯል፤ 15 ከዚያም 0ሲ፣ ማለትም 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ የመጨረሻዋ ሲ ቁጥሩ ከዜሮ በታች አለመሆኑን የምታመለክት። 15 ወደ 40 ሲለወጥ ክፍያው 4 ዶላር ሆነ። 40ም ትክክለኛ ቁጥር ስለሆነ ኮምፓይለሩ ምንም አልተናገረም፣ የሌሊቱም ባች (በአንድነት ተጠራቅሞ የሚሠራው ሥራ) በሰላም አለቀ። ፕሮግራሙ ተሰናክሎ ቢቆም ኖሮ በሌሊት ከእንቅልፌ ተቀስቅሼ ባስተካከልሁት ነበር። ስህተቱን የነገሩን ግን ደንበኞቹ ናቸው፤ ገንዘቡን ለመመለስም ሳምንታት ፈጀብን።

ከዚያ በፊት በነበረው ስብሰባ አንዲት አንጋፋ ባልደረባችን «ሄክስ ኦን ብላችሁ አይታችኋቸዋል?» ብለው ጠይቀው ነበር። በአረንጓዴው ስክሪን (በሜይንፍሬሙ የቀድሞ የጽሑፍ ማሳያ) ላይ ይህች ትእዛዝ ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር ባይቱን ታሳያለች፤ ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን ጥያቄውን እንደ ተቃውሞ ቆጠርሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን ያን ጊዜ በራሴ አየሁት። ስለዚህ አንጋፋዎቹ ጥያቄ ሲያበዙባችሁ «ለውጥ ይፈራሉ» ብላችሁ አትለፏቸው። ብዙዎቹ በ2000 ዓ.ም. ዋዜማ፣ እኛ አገር ገና 1992 በነበረበት ጊዜ፣ ባለሁለት አሃዝ ዓመቶችን ለማረም በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር የለወጡ ሰዎች ናቸው።

በፋይል መቆለፍ ላይም ተመሳሳይ ክርክር ይገጥማችኋል። በቀድሞው አሠራር አንድ ሰው ፕሮግራሙን ሲያወጣ ሌላው እንዳይነካው ይቆለፋል፤ በጂት ግን ሁለት ሰዎች በየቅርንጫፋቸው (በየራሳቸው የኮድ ቅጂ ላይ) አንዱን ፕሮግራም መለወጥ ይችላሉ። ለእናንተ ነጻነት የሆነው ለእነርሱ አደጋ ነው፣ ስጋታቸውም መሠረት አለው፤ ምክንያቱም ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮፒቡክ (የመዝገብ አቀማመጥ መግለጫ) በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሲለወጥ፣ የሚጠቀሙበት ፕሮግራሞች ሁሉ እንደገና ኮምፓይል ካልተደረጉ አንዱ ፕሮግራም የጻፈውን መዝገብ ሌላው አዛብቶ ያነበዋል። ጂት ይህን ዝምድና በራሱ አያውቅም። ዝምድናውን የሚከታተል የግንባታ መሣሪያ (ፕሮግራሞቹን ኮምፓይል የሚያደርግ) ሳታዘጋጁ መቆለፊያውን አታንሡ፤ ሲዘጋጅ ደግሞ አንድ ኮፒቡክ ለውጣችሁ የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚገነቡ በዓይናቸው አሳዩአቸው። እኔ ያን ቀን ካሳየሁ በኋላ ስለ መቆለፍ የተከራከረኝ ሰው የለም።

መሣሪያ በማጣት አትቸገሩም። ከ2018 ጀምሮ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ባለው ኦፕን ሜይንፍሬም ፕሮጀክት የሚለማው ዞዊ የተባለው መሣሪያ ከዘመናዊው የኮድ መጻፊያ ከቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ሆናችሁ የሜይንፍሬሙን ፋይሎች እንድትከፍቱና ጆብ (ማሽኑ እንዲያካሂደው የሚሰጥ ሥራ) እንድትልኩ ያስችላችኋል። አረንጓዴውን ስክሪን የለመደውን ሰው ግን በአንድ ጊዜ ተወው አትበሉት። ኮዱ ወደ ጂት እስከ ገባ ድረስ በምን እንደ ተጻፈ ግድ አይስጣችሁ።

ከሁሉ ያስቀደምሁት ቢሆን ኖሮ የምለው አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ፈተና ነው። አሮጌ ፕሮግራም ምን መሥራት እንዳለበት የሚገልጽ ሰነድ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ የዛሬውን ውጤት እንደ መለኪያ ያዙ፤ ማንነት የሚገልጽ መረጃ የወጣለትን ግብዓት ለቀድሞውና ለአዲሱ ግንባታ ስጡና ውጤቶቹን ባይት በባይት አወዳድሩ። ከላይ የነገርኋችሁ 4 ዶላር በዚህ ፈተና በመጀመሪያው ቀን ይያዝ ነበር። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ለአለቆችም በስላይድ ሲቀርብ አያምርም። ምን ዓይነት ግብዓት እንደሚመረጥ፣ የትኛው ሒሳብ በፌብሩዋሪ 29 ወይም በሩብ ዓመት መዝጊያ ብቻ እንደሚሠራ የሚያውቁት ግን አንጋፋዎቹ ስለሆኑ፣ ሁለታችሁም በእኩልነት የምትቀመጡበት ሥራ እርሱ ነው።

የመጀመሪያውን መተግበሪያ ስትመርጡ ትንሽ ይሁን፣ ግን እንደ ልብ በየሳምንቱ የሚለወጥ ይሁን፤ በዓመት አንዴ በሚነካ ፕሮግራም ላይ ማንም አዲስ አሠራር አይለምድም። የማዛወሪያውንም ቀን ከወር መጨረሻ አርቁት። ከዚያ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሌሊት ባቹ እስኪያልቅ እናንተም ከአንጋፋዎቹ ጋር አብራችሁ ቆዩ።