የሙሽሮች ቤት በደሴ ዳር፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ክረምት ሊገባ ሲል ስልኬ አያርፍም። በሰርጉ ወቅት የተጋቡት ቤት ፍለጋ ይወጣሉ። መሃል ከተማው ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ወደ ዳር ነው የሚኬደው፤ ወደ ጢጣ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ፣ ወደ ገራዶ፣ ወይ የሐረጎን ዳገት ወርዶ ኮምቦልቻ። እኔ ግንበኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በሁለቱ ከተሞች ቤት ሠርቻለሁ፣ ሌላው የሠራው ሲሰነጠቅም ጠግኛለሁ። «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። የተደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጅሙን አሳጥሬ መልሻለሁ።

ጥያቄ (አዲስ ሙሽራ፣ ደሴ)፦ ጋሼ፣ ከተጋባን አራት ወራችን ነው። የባለቤቴ እናት ከእኛ ጋር ናቸው። ታናሽ እህቴም ለትምህርት ከገጠር ትመጣለች። ጢጣ በኩል አንድ ቤት አየን። ሦስት ክፍል ነው፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው። ባለቤቴ በጣም ወዶታል። ምን እንይ?

መልስ፦ ትዳራችሁን ያለምልመው። ቤቱን ያያችሁት በደረቅ ቀን ከሆነ ገና አላያችሁትም። በዝናብ ሄዳችሁ እዩት፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ደሴ የተቀመጠችበትን ታውቂዋለሽ። በአንድ በኩል ጦሳ ተራራ፣ በሌላው አዝዋ ገደል። ውሃው ከሁለቱም ወርዶ ወደ ቦርከና ወንዝ ይሄዳል። ከተራራው ሥር ያለው አፈር ከላይ ተንዶ የተጠራቀመ ነው። ብዙ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ደሴ ውስጥ የመሬት መንሸራተት አዲስ ነገር አይደለም።

የራሴን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ቤቴን የገዛሁት በጥር ነው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። ነሐሴ ላይ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው ብዬ በመላጊያ ላግኩት። በሳምንቱ እንደገና ያዘ። እንደገና ላግኩት። ከዚያ ከመስኮቱ ጥግ አንድ ስንጥቅ ተነሣና በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ ወጣ። በመስከረም ትንሿ ጣቴ ትገባበት ነበር። በሩ አላበጠም። ቤቱ ነበር የሚሄደው።

ስለዚህ ስትሄዱ በሮቹንና መስኮቶቹን ሁሉ ክፈቱ፣ ዝጉ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የልስን ነው፣ አያስፈራም። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄደው ነው የሚያስፈራው። አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ተለስኖ ከሆነ «ለምን?» በሉ። የልጆች ብይ ይዛችሁ ሂዱ፤ በየክፍሉ ሊሾው (የሲሚንቶው ወለል) ላይ አስቀምጡት፤ ከተንከባለለ ወለሉ አጋድሏል። ከግቢ ውጡና ዳገቱን ተመልከቱ። የመብራት ምሰሶና ባሕር ዛፉ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ከተጋደሙ መሬቱ እየሄደ ነው። ከጓሮ የድጋፍ ግንብ ካለ፣ ግንቡ ውሃ መውጫ ቀዳዳ አለው ወይ? ቀዳዳ የሌለው ግንብ ውሃውን ከኋላው ያቁራል፣ አንድ ቀን ከነውሃው ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጎረቤት ቡና ጠጡ። «ክረምት ላይ ውሃው በየት ያልፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጭ የማይነግራችሁን ጎረቤት ይነግራችኋል።

ጥያቄ፦ ቦታው ጥቁር አፈር ነው። ይተው ወይ?

መልስ፦ አይተውም፣ ግን ወጪውን ከዋጋው ቀንሰህ አስብ። መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ቤት አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወድቃል። ጥቁሩ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ በምትኩ ሰለክት (የተመረጠ ጠጠራማ አፈር) ተሞልቶ ተጠቅጥቆ ከሆነ ችግር የለም። መሠረቱን የቆፈረውን ሰው ፈልገህ ጠይቀው። ባሕር ዛፍ ከግድግዳው አጠገብ ካለም ሥሩ ውሃውን ስለሚመጥጥ አፈሩን ያኮማትረዋል።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከወረባቦ)፦ ልጄ ሊያገባ ነው። «እማዬ፣ አብረሽን ኑሪ» ይለኛል። ሸክም እንዳልሆንባቸው ፈራሁ። ቤት ሲመርጡ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እማማ፣ ይህን መጠየቅዎ ራሱ ለልጆቹ በረካ ነው። ዝም አይበሉ፣ አሁኑኑ ይንገሯቸው።

መጀመሪያ ለእርስዎ የሚሆነው ክፍል የራሱ በር ይኑረው፤ በሙሽሮቹ ክፍል ወይ በሳሎን ብቻ የሚታለፍበት አይሁን። ለሱብሒ ሲነሡ ማንንም አይቀሰቅሱም፤ እነሱም ማታ ሲጫወቱ አይሳቀቁም። ሁለተኛው ሽንት ቤቱ ነው። ጓሮ ድረስ በጨለማና በጭቃ የሚኬድበትን እምቢ ይበሉ። ከክፍሉ አጠገብ ይሁን፣ መቀመጫ ይኑረው፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ይሠራ። ይህ ብረት ወጪው ትንሽ ነው። እናቴ በመጨረሻው ዓመቷ ሦስት ደረጃ መውረድ ከብዷት ውሃ መጠጣት ትቀንስ ነበር። ወደ ውጭ ላለመውጣት ብላ ነው። ይህን ያወቅሁት ከታመመች በኋላ ነው። ደረጃዎቹን የሠራሁት እኔ ነበርኩ።

ለውዱእ ዝቅ ያለ ቧንቧ ይጠይቁ። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት በረንዳም ይጠይቁ። ቡናው እዚያ ይፈላል፣ ጎረቤቱም እዚያ ይሰበሰባል።

ስለ ማድ ቤቱ በግልጽ ልንገርዎ። ቦታ ካለ ለእርስዎ ትንሽ ማንደጃ የሚያስቀምጡበት ጥግ ለብቻ ይሁን። ሁለት ሴቶች ቢዋደዱም አንድ ጠባብ ማድ ቤት ያጋጫቸዋል። ሙሽሪት ጨው ስታበዛ ማንም ሳያያት ትማር፤ እርስዎም ሽሮዎን በልማድዎ ይሥሩ።

ጥያቄ (እህት፣ ከአረብ አገር)፦ ጋሼ፣ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ተቀጥሬ ሠራሁ። ወንድሜ አግብቷል። እናታችንን ይዞ ከተማ ዳር ቤት ሊገዛ ነው። «ግማሹን ብር አንቺ» ይሉኛል። ብሩን አልነፍግም። ግን ስመለስ የት ነው የምገባው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወሎ ውስጥ ባንቺ ዓይነት ልጆች ላብ የቆመ ቤት ብዙ ነው። እኔም ብዙዎቹን ገንብቻለሁ። እህቲቱ ስትመለስ ሳሎን ፍራሽ ተነጥፎላት ያየሁበት ቤትም አለ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። ቀድሞ ስላልተነገረ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። በትዳር ውስጥ የተገዛ ቤት የባልና የሚስት የጋራ ንብረት ነው ተብሎ ይገመታል። አንቺ ካርታው ላይ ከሌለሽ የላክሽው ብር ስጦታ ይሁን ብድር የሚለው ክርክር ይሆናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነን ብድር በምስክር ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለሽ። የተሻለው ስምሽ ከነሱ ጋር ካርታው ላይ እንዲገባ ማድረግ ነው። ለዚህ እዚያ ካለው ኤምባሲ ወይ ቆንስላ ውክልና ትልኪያለሽ። ውክልናው «ቤት ገዝቶ በእኔም ስም እንዲያስመዘግብ» የሚል ይሁን። ሁሉን ነገር የሚፈቅድ ሰፊ ውክልና አትላኪ። ይህ ካልሆነ የብድር ውል ይጻፍ፤ ወንድምሽም ሚስቱም ይፈርሙበት። ብሩን በሰው እጅ ሳይሆን በባንክ ላኪ፣ ደረሰኙን አስቀምጪ።

ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ደግሞ የአንቺ ይሁን። እስክትመለሺ እናትሽ ይተኙበት፣ ግን የአንቺ ተብሎ ይጠራ።

ወንድሜ ቅር ይለዋል ብለሽ አትፍሪ። በስልክ እንዲህ በይው፦ «ወንድሜ፣ ብሩን በደስታ ነው የምልከው። እኔንም ከናንተ ጋር አስገቡኝ።» እኔም ወንድም ነኝ። እህቴ እንዲህ ብትለኝ የሚከፋኝ እኔ ቀድሜ ሳልናገር መቅረቴ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣል» አለኝ። ልስጥ?

መልስ፦ አብሽር፣ ዛሬ አትስጥ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጥተህ ሐሳብህን ብትቀይር ቀብዱ ይቀርብሃል። ሻጩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ችግሩ እጥፉን ለማስመለስ ስንት ወር ፍርድ ቤት ትመላለሳለህ የሚለው ነው።

ካርታውን አንተ ራስህ ይዘህ ማዘጋጃ ቤት ሂድ። ካርታው እዚያ ካለው ማኅደር ጋር አንድ ነው? የባንክ ዕዳ ወይ የፍርድ ቤት እገዳ አለበት? የዘንድሮ ግብር ተከፍሏል? ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ የቀረው ክፍያ ስንት ነው? የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት ይሰጣል፤ ያልተከፈለው ሊዝ ግን ከቦታው ጋር ወደ አንተ ይመጣል። ሻጩ ባለትዳር ከሆኑ ሚስትየዋም ቀርበው ይፈርሙ። ወላጅ የሞቱበት ቤት ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይ ውልና ማስረጃ ፊት ይሁን። በሦስት ሽማግሌ ፊት መንደር የተፈረመ ወረቀት አይበቃም፤ ሽማግሌዎቹ ጨዋ ቢሆኑም አይበቃም።

ሰነዱን ኮፒ አድርገህ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድም አስቀምጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኔ ከቤት ይዤ የወጣሁት ልጆቼንና ካርታዬን ነው።

ጥያቄ፦ ከገበሬ የእርሻ ቦታ በርካሽ አገኘን። «ወደፊት ከተማ ይገባል» ይላሉ።

መልስ፦ ተዉት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። የምትገዙት ወረቀት ሕግ አያውቀውም። የጨረቃ ቤት ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ። እናት አልጋዋን መንገድ ላይ አውጥታ ተቀምጣ ነበር።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፣ እኔ ደሴ አስተምራለሁ። አያቴም ከእኛ ጋር ናቸው። የት እንኑር?

መልስ፦ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎ ግን በክረምት ጉሙ ሲወርድ ፊት ለፊት አያሳይም። በየቀኑ እዚያ የሚመላለሰው ማን እንደሚሆን መጀመሪያ ተነጋገሩ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በዚህ ልዩነት አራት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል። አያትሽን ብርድ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ኮምቦልቻ ይስማማቸዋል። እዚያ ግን ወባ አለ፤ ከወንዝና ከረግረግ ራቅ ያለ ሰፈር ምረጡ፣ አጎበር አይለያችሁ። የሁለቱም ከተማ አየር ለአያትሽ የሚስማማ ከሆነ እኔ የምመርጠው ማታ ከሥራ ዘግይቶ የሚወጣው ሰው የሚሠራበትን ከተማ ነው።

ጥያቄ፦ ዳር ላይ ውሃና መብራት እንዴት ነው?

መልስ፦ ውሃ በፈረቃ ነው። ከሻጩ ሳይሆን ከጎረቤት «በሳምንት ስንት ቀን?» ብላችሁ ጠይቁ። ስድስት ሰው ቆጥቦ በነፍስ ወከፍ በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም 240 ሊትር ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ስምንት ቀን ያደርሳችኋል። ሮቶው የሚቆምበትን መድረክ አጠንክሩ፤ ሲሞላ ሁለት ሺህ ኪሎ ነው።

መብራቱ የራሱ ቆጣሪ ይኑረው። ከጎረቤት ተጠልፎ የመጣ ቀጭን ሽቦ የእንጀራ ምጣድ አይችልም።

ጥያቄ፦ ለሰፈሩ እንግዳ ነን። ቅሬ (የሰፈሩ ዕድር) ለመግባት ቤቱ የራሳችን መሆን አለበት?

መልስ፦ በኖርኩባቸው ሰፈሮች ተከራይም ይገባል። በገባችሁ በመጀመሪያው ወር ተመዝገቡ። አብረዋችሁ የሚኖሩትን ዘመዶች ስምም አስመዝግቡ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። በእኔ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፣ ድንኳኑም ድስቱም አንድ ነው። ለአዲስ ሙሽራ ከቅሬው ሴቶች በላይ ሰፈሩን የሚያስተዋውቅ የለም።

ጥያቄ (የመጀመሪያዋ ሙሽራ እንደገና)፦ ጋሼ፣ ማክሰኞ ሲዘንብ ሄድን። በሮቹ ሁሉ ደህና ይዘጋሉ። ብዩ ሳሎን ላይ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላው ክፍል ግን ወደ ጓሮው ግድግዳ ተንከባለለ። ግድግዳው ላይ አንድ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ሻጩ «ሊሾው ሲፈስ ያጋደለ ነው» አሉ። ባለቤቴ አምኗቸዋል።

መልስ፦ ሰውዬው እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ለማጠብ እንዲመች ብለው አጋድለው የሚያፈሱ አሉ። በብይ ብቻ ቤት አይጣልም፣ በቃል ብቻም አይገዛም። አሁን ስንጥቁ ቆሟል ወይስ ይሄዳል የሚለውን ነው ማወቅ ያለብን።

የስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሪና ቀኑን ጻፊበት። ስንጥቁን አቋርጦ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ በሲሚንቶ ይለጠፍበታል። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። ሦስት ሳምንት ዝናብ እንጠብቃለን። እውነተኛ ሻጭ ይህን አይከለክልም።

ከፈቀዱ ቅዳሜ ጠዋት መስታወቱንና ሲሚንቶውን ይዤ እመጣለሁ። አማትሽንም ይዘሻቸው ነይ። የኋላው ክፍል የሳቸው ነው ብላችኋል፤ ራሳቸው ይዩት።